ብሎኬት የመሰለው ቤት

ኅዳር 14

ለልጄ፣ ለመሐንዲሷ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽ እንዴት ነው? ባልሽስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፣ ጥሎኝ የሄደው ጆሮዬ ብቻ ነው። በስልክ የምትዪኝን አልሰማም፤ አንቺም ነገሩ በጽሑፍ ሆኖ የግንባታ ፈቃድ የጠየቅሽበት መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት ብለሻል። ይኸው በጽሑፍ ሆነ። የምትጽፍልኝ ከፊት ለፊታችን ያለችው ጡረተኛዋ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራ አሁን እጇ ሥራ ፈትቶ ያሳክካታል። አንድ አመል አላት፦ ያልኩትን ሁሉ ትጽፋለች። «ይሄን አትጻፊው» ብላት፣ «ይሄን አትጻፊው አለ» ብላ ትጽፋለች።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የቤታችን ግድግዳ ውፍረት አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። በሜትር ስንት ነው አትበዪኝ፤ ክንዴን ታውቂዋለሽ፣ እሱ ላይ ተኝተሽ ነው ያደግሽው። መሠረቱ ድንጋይ ነው፣ ከመሬት እስከ ጉልበቴ ወጥቷል። ከዚያ በላይ ጭቃ ነው። ጭድ የገባበት፣ ሦስት ሳምንት ቦክቶ በእግር የተረገጠ ጭቃ። አንድ ክንድ ከፍታ አቆምና ሳምንት አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ሌላ ክንድ። ቸኩሎ የተቆለለ ጭቃ ቸኩሎ ይወርዳል። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ሙሉ ክንድ ወጥቶ ነው የቀረው፤ ዝናብ ግድግዳውን በሩቁ ሰላም ብሎት ነው የሚያልፈው።

ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ወጥተሽ ዞረሽ እኔን መጠየቅሽ አላስከፋኝም። «አባቴ ማንበብ አይችልም» ብለሽ ለጓደኞችሽ የነገርሽ ቀን ነው ያስከፋኝ። ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ።

ሸራ ውስጥ ላሉት ቤተሰቦች አሥራ አንድ ቤት ልትሠሪ፣ ከዚያው ከሚቆፈረው አፈር! ጥሩ ነው። አፈሩ በመኪና ካልመጣ መኪናውም አያጨስም። መስኮቱን የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው ማዞርሽም ጥሩ ነው። የልብስ ማጠቢያውን ውሃ በቧንቧ ወደ አትክልት መላክሽን ግን ለእናትሽ ነግሬያት ሳቀች። እሷ አርባ ዓመት በባልዲ ስትደፋው መሐንዲስ መሆኗን አላወቀችም።

ቤቱ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንቺን በሁለት ዓመት ይበልጥሻል። «ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ የተነካካ ወይም የተጨመረበት ነገር አለ ወይ?» ላልሽው፦ የለም። እንደሠራሁት ነው።

ሴትዮዋ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ በመስኮት ታያለች። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታያለሽ?

ስትጨርስ እንደ ፍርድ ቤቱ «ቃልዎ ይኸው ነው?» ትላለች። አዎ፣ ቃሌ ይኸው ነው። አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 20

ለልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤዬ ለከተማው የግንባታ ኮሚቴ ሲነበብ ሰዎቹ ጸጥ ብለው እንዳዳመጡ ጽፈሽልኛል። አንዱማ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አሻራዬን አየው ብለሻል። ይህን ቦታ ጸሐፊዋን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛውን እምቢ አለች።

ያን «ግድግዳ ሁሉ ብሎኬት ይሁን» የሚለውን ደንብ ያወጣው ሰው ማነው? ቀትር ላይ ብሎኬት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል? እኔ ቤት ቀትር ላይ የገባ ሰው ኮቱን ይደርባል። «አባቴ እንዲህ አለ» ብለሽ ንገሪያቸው።

ስለ ፎቶው። ቤቱ ሙሽራ አይደለም፣ ፎቶ ምን ያደርግለታል? «የጎረቤት ልጆች ሁሉ ስልክ አላቸው» ትያለሽ። አላቸው። ግድግዳ ግን በፎቶ አይታይም፤ ግድግዳ የሚታየው በመዳፍ ነው። ኮሚቴውም እጅ ካለው ይምጣና ይንካው! ይሄን አትጻፊው። «ይሄን አትጻፊው» አለ ብለሽም አትጻፊ። ሴትዮ!

ስለ እናትሽ ሳል ማን ነገረሽ? በስልክ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አታውቅም፤ ስትስል ሰምተሽ ይሆናል። አቧራ ነው። ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ፣ ሽሮፕ ሰጥተዋታል። «ሐኪሙ ምን ጠየቃት?» ላልሽው፣ ሐኪም የሚጠይቀውን ጠየቀ። እኔም መለስኩለት።

ቃሌ ይኸው ነው። አሻራዬም ይኸው።

አባትሽ


ጥር 18

ለልጄ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ልጅሽ ሰላም ነው ወይ? የባልሽ እናት ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? የቤት ሠራተኛሽስ? ሁሉም ሰላም ከሆነ ደስ ይለኛል።

እኔ ማንንም አልጋበዝኩም። ያ በቀልድ የተባለ ነገር ነው። ሰው «እጅ ካለህ ና ንካኝ» ሲል ና ማለቱ አይደለም፤ ይሄንን መሐንዲስ ባይገባው ግንበኛ ይገባዋል። አምስት ሰው ሁለት ቀን መንገድ ላይ ተንገላቶ ግድግዳ ሊዳስስ ይመጣል? ሥራ የላቸውም እንዴ? መንገዱም ተቆፍሯል። እኔም ወገቤን አሞኛል። እናትሽም እንግዳ አትችልም።

ማየት ካለባቸው ከወንዙ ማዶ ያለውን የወፍጮ ቤት ይዩ። እሱም የእጄ ሥራ ነው፣ ከእኔ ቤት ይበልጣል፣ ዕቃ እንጂ ሰው የለበትም፣ እንደ ልባቸው ይነካኩት። «መዝገቡ ላይ ያለው ያንተ ቤት ነው፣ ሌላ ማቅረብ አይቻልም» ማለትሽ ገብቶኛል። ቢሆንም ጠይቂያቸው።

«የውጪው ቀለም ምንድን ነው?» ያልሽው ለምን አስፈለገ? አመድማ ነው። ኖራው አርጅቶ ነው። ኖራ ሲያረጅ አመድማ ይሆናል።

ጸሐፊዋ «ቃልዎ ይኸው ነው?» ትላለች።

ወረቀቱን እጠፊና ላኪው።


የካቲት 6

አባባ፣ እንዴት ነህ? ወገብህስ? እማዬን ሳሚልኝ ብዬ ጸሐፊዋን አደራ ብያለሁ፤ አንተ እንደማትስማት አውቃለሁ።

ኮሚቴው የካቲት 28 እናንተ ጋ ይደርሳል። የወፍጮ ቤቱን ጠይቄ ነበር፣ አይሆንም አሉ። እኔ አመልካች ስለሆንኩ አብሬያቸው መምጣት አልችልም። ሁለቱ ልባቸው ከእኔ ጋር ነው፣ አንደኛዋ ገና አልወሰነችም። የቀሩት ሁለቱ ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ባዮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ «ያንተ አባት ቤት ከቆመ እኔም እጄን አወጣለሁ» ብሎኛል። በሴት አንቀጽ እንኳን አልጠራኝም፤ ንቀቱን እዚያ ላይ አየሁት።

የመጀመሪያዋ ቤት ግድግዳ ጉልበት ደርሶ ቆሟል። ፈቃድ ሳላገኝ አንድ ጣት አልጨምርም። አሥራ አንዱም ቤተሰብ ሸራ ውስጥ ነው ያለው፤ ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያ ማልበስ አለብኝ። ደብዳቤህን በፕላስቲክ አድርጌ በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። ሰው «ጭቃማ ይፈርሳል» ሲለኝ አውጥቼ አነብለታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ቃልዎ ይኸው ነው?» ተብሎ ተጽፏል፣ መልስ ግን የለውም። አሻራህም የለም። ለምን?

ልጅህ


የካቲት 13

ለልጄ፤

ዛሬ ሰላምታ አላስቀድምም፤ ካስቀደምኩ እዚያው ላይ እቀራለሁ።

አሻራው የሌለው ጸሐፊዋ እንዲህ ስላለችኝ ነው፦ «ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት የሐሰት ምስክር ስጽፍ ኖሬያለሁ። የምስክሩን ቤት በመስኮት እያየሁ ግን ጽፌ አላውቅም።» «ብዕርሽ ይድረቅ» ብያት ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ተኳርፈን ከረምን። ዛሬ ደብዳቤሽን ይዤ ሳንኳኳ፣ «ሊሳደቡ ነው ወይስ ቃል ሊሰጡ?» አለችኝ። ቃል ልሰጥ ነው።

ቤቱ እንደሠራሁት አይደለም። በሲሚንቶ ለስኜዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ሠራተኛም አልቀጠርኩም፣ በገዛ እጄ ነው።

አራት ዓመት ሊሆነው ነው። እናትሽ ልትወልጂ ስትይ መጥታ አንቺ ዘንድ ሁለት ወር የቆየችበት ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ሰዓት ጠጋኙ የብሎኬት ቤት ሠርቶ ሰው ጠራ። በሩ ላይ ሚስቱ ጨርቅ አንጥፋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ጫማዎን ያውልቁልን፤ ከጭቃ አይጠፉም» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ አብሬ መሳቄ ነው። ውስጥ ከገባሁም በኋላ አንዱ፣ «የመሐንዲስ አባት እስከ መቼ ጭቃ ውስጥ? ልጅዎ ፎቅ እየሠራች!» አለኝ። አንቺ ጭቃ ልትሠሪ እንደተማርሽ እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ልነግረው ስችል አፈርኩና ዝም አልኩ። በቤቴ ብቻ አይደለም ያፈርኩት፤ በአንቺም ነው ያፈርኩት። ይሄ ይጻፍ።

በነጋታው ሲሚንቶ አስመጣሁ። ከመንገድ የሚታየውን ግድግዳና ሁለቱን ጎኖች ለሰንኩ። የጓሮውን አልነካሁትም፤ ማን ያየዋል ብዬ። ከዚያ፣ ልስኑ ሳይደርቅ፣ ጣውላ አስደግፌ በሚስማር መስመር አሰመርኩበት። ብሎኬት እንዲመስል። አርባ ዓመት ከጭቃ ጋር የተነጋገረ እጅ፣ ጭቃውን «ብሎኬት ነኝ በል» አለው።

እናትሽ ከአውቶቡስ ወርዳ ቤቱን ስታይ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። ሄዳ መዳፏን አሳረፈችበት። «ምነው፣ አመመው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግድግዳው አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ግንበኛ ቢሆን አላወቀም ይባልለታል። እኔ አውቃለሁ። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል፤ ሲሚንቶ ስትለብጪበት አፉን ታፍኚዋለሽ። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ «ሲሚንቶ ካስነካኸው ሰላምታህንም አልፈልግ» ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሥሩ ላይ ነጭ ጨው አወጣ። በሦስተኛው ከውስጥ በኩል በጣቴ ብጫነው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባልኝ። ሻገተ። ያኔ ነበር ሲሚንቶውን ማንሣት። ግን ሰዓት ጠጋኙ በየጠዋቱ በዚያ ያልፋል። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚሉት እኔን ነው። ቁም ሳጥኑን ገፍቼ ሸፈንኩት። ቁም ሳጥኑ ያልሸፈነው የአልጋውን ራስጌ ነው፣ በእናትሽ በኩል ያለውን።

ከዚህ የባሰም አለ። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲጨርስ፣ «የምትኖሩበት ቤት እርጥበት አለው?» አላት። እሷን ነው የጠየቀው። እናትሽ ወደ እኔ ዞረች። መልስ እየጠበቀች አልነበረም፤ እንድመልስ ጊዜ እየሰጠችኝ ነበር። እኔም፣ «የለውም። እኔ የሠራሁት ቤት ነው» አልኩት። እሷም አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ሽሮፕ ጻፈላት።

እንግዲህ ሰዎቹን አስቀሪያቸው። «አባቴ ታሟል» በያቸው። «ሞቷል» ብትያቸውም አልቀየምሽም።

ቃሌ ይኸው ነው። አሻራዬን ሁለት ጊዜ አሳርፌያለሁ፣ አንዱ ለዛሬው፣ አንዱ ለቀረው።

አባትሽ


የካቲት 20

ለግንበኛው፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

እናቴን ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል ያውጡ። ጓሮ በኩል ያለው ክፍል ይጠረግና አልጋ ይዘርጉላት። ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይሂዱና ለሐኪሙ የነገሩትን ያርሙ።

ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት ጣሪያውን በእንጨት ይደግፉ። ሲሚንቶውን ከላይ ወደ ታች ያንሡ፤ ከታች ከጀመሩ ይናድብዎታል። በግድግዳው ሥር አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ይግባበት። የበሰበሰውን ክፍል በየክንዱ እየቆረጡ በደረቅ የጭቃ ጡብ ይተኩ፣ አንዱ ሳይጠና ሌላውን አይክፈቱ። ክፍሉ እስኪደርቅ ማንም እንዳይተኛበት።

ጉብኝቱን አልሰረዝኩም። ያመለከትኩት በእርስዎ አሻራ ነው፤ አሻራዎን ራስዎ ያንሡ። ታመዋል ብዬ አልዋሽም።


መጋቢት 4

ለልጄ፣ ለአሠሪዬ፤

ጸሐፊዋ ያን ደብዳቤ አንብባልኝ ስትጨርስ ተነሥታ ውሃ አመጣችልኝ። «አንተ» ስትዪኝ ኖረሽ «እርስዎ» አልሽኝ። ስድብ ቢሆን በስድብ እመልስ ነበር። ለአክብሮት መልስ የለኝም።

ያዘዝሽው ተፈጽሟል። እናትሽ ያን ዕለት ወጥታለች፤ አልጋውን የተሸከምነው እኔና ሰዓት ጠጋኙ ነን። ሐኪሙ ዘንድ ሄደናል። ወጣት ልጅ ነው፤ «ዋሽቼህ ነበር» ስለው እሱ ነው ያፈረው። መድኃኒቷን ቀየረ። ከዚያ ክፍል መውጣቷን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩለት። አሁን ማመኑን እንጃ።

ጣሪያውን በስድስት እንጨት ደገፍኩ። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ከላይ ወደ ታች ማንሣት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ ወጥቼ የገዛ ሥራዬን ስፈልጥ መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። «ጋሼ፣ ግድግዳው ውስጥ ምን ጠፋብዎት?» ይላል አንዱ። «አእምሮዬ» እለዋለሁ። ሰዓት ጠጋኙም መጥቶ ቆመ። «ምነው፣ ያምር አልነበረ?» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ልጄ፣ ያን ሁሉ ያደረግኩት በእሱ ዓይን እንዲያምር ነበር፤ ለካ ተሳክቶልኝ ኖሯል። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ መውረድም መቆየትም አቃተኝ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ነገር። ከጉብኝቱ በኋላ በላክሽው ወረቀት «ያሉዎትንና የመለሱላቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያስጽፉ» ብለሻል። ጸሐፊዋ ያን ቀን ወንበሯን አውጥታ መንገድ ዳር ተቀምጣ ቃል በቃል ጽፋዋለች፣ ማንም ሳይጠራት። ከእሱ ነው የምትገለብጠው።

አምስቱም ከመኪና ወረዱ። ግድግዳው ግማሹ ተፈልጧል፣ ግማሹ መስመሩ እንዳለ ነው፤ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ የሮጠ ሰው ይመስላል። እኔ እጄም ፀጉሬም በሲሚንቶ አቧራ ነጭ ሆኗል። ረጅሙ ሰውዬ፣ «ያለ ሲሚንቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆመው ቤት የትኛው ነው?» አለ።

«ይሄ ነበር፤ አሁን አይደለም» አልኩት። «በወረቀቱ ላይ ዋሽቻችኋለሁ። አሻራዬን አንሥቻለሁ።»

ሴቲቱ፣ «ልጅዎ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ብታውቅ እናንተ እዚህ አትመጡም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለሰኑት?»

«አፍሬ።»

«በምን?»

«በራሴ ሙያ።»

ረጅሙ ጣቱን ግድግዳው ሥር ሰደደና የረጠበውን አፈር ለጓደኞቹ አሳያቸው። «ያው ነው። ሲሚንቶ ኖረ አልኖረ፣ ጭቃ በስብሷል» አለ። ያኔ ደሜ ፈላ። በእኔ ላይ ያለውን ሁሉ ይበል፤ ጭቃው ግን ምን አደረገው? «ና ወዲህ» ብዬ እጁን ይዤ ጎተትኩት። እንደ ልጅ ነው የጎተትኩት፤ ጸሐፊዋ ጽፋዋለች። ጓሮ ወሰድኩት። «ይሄ ከዚያው አፈር፣ በዚያው ወር፣ በዚሁ እጅ የተሠራ ነው። ሲሚንቶ አልነካውም። የቤትህ ቁልፍ አለህ? ውጋው።» ወጋው። ቁልፉ ተንሸራተተ፤ አቧራ እንኳ አልወጣም። ከመሠረቱ አጠገብ ወጋው፣ እዚያም እንቢ አለው። ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ ተመልሰን የተሰመረው ሥር ወጋው። ቁልፉ እስከ ቀለበቱ ገባ።

 ሴቲቱ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይህን የጓሮውንስ ለምን ሳይለስኑት ተዉት?» አለችኝ።

«ሰው ስለማያየው» አልኳት።

አንድ እንኳ ቢስቅ ቀለል ይለኝ ነበር። አልሳቁም። ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ረጅሙ ቁልፉን በመሐረቡ ጠርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ምን እንደወሰኑ አልነገሩኝም፤ እኔም የመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

እናትሽ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ወንበር አወጣችልኝ። «ተቀመጥ፣ ደክሞሃል» አለችኝ። 

ቃሌ ይኸው ነው።

ግንበኛው


ሚያዝያ 11

ለልጄ፤

እናትሽ አንቺ ዘንድ በደህና መድረሷን፣ ልጅሽም «አያቴ ለምን ዘገየች» ብሎ ማኩረፉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሳሉ እየቀነሰ ነው ማለትሽን ጸሐፊዋን አስደገምኳት። አሁን ሦስቴም ታነብልኛለች፤ ከተኳረፍን ወዲህ ደግ ሆናለች።

ስለ ፈቃዱ ምን ልበል? በመጀመሪያ ሦስት ቤት፣ እነሱ አንድ ክረምት ካለፉ የቀሩት ስምንቱ። ስምንቱ ቤተሰብ ይህን ክረምት ሸራ ውስጥ መክረሙ የእኔ ዕዳ ነው፤ «አይደለም» ብለሽ አታጽናኚኝ፣ ማጽናናትሽን ከጀመርሽ ለሥራሽ ትሰንፊያለሽ። ባለ መነጽሩ፣ «አባትየው ባይዋሹ ኖሮ አሥራ አንዱንም እንፈቅድ ነበር» ማለቱንም መጻፍሽ ትክክል ነው። ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

«በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ወደ ደንቡ ገባ ብለሻል። ሰው በመልካም ሥራው ደንብ ውስጥ ይገባል፤ እኔ በጥፋቴ ገባሁ። ስሜ አለመጠራቱ ደግ ነው። ቢጠራም አልከራከርም ነበር።

«መራጊዎቹን ና አስተምርልኝ» ያልሽው አይሆንም። ለማስተማር አፍ የለኝም። ወፍጮ ቤቱን የመረገልኝ አሮጌው ጓደኛዬ አለ፣ እሱን ላኪበት፤ በዘመኑ አንድም ጊዜ ሲሚንቶ አልገዛም። እኔ ስፎክር እሱ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ነው። ምን ያህል እንደሚስቅብኝ እያሰብኩ ትናንት ሄጄ ሁሉን ነግሬዋለሁ። «እሄድላታለሁ» ብሏል። አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም። ሰው ምን ነካው?

ሥራው እንዲህ ላይ ነው። ሲሚንቶው በሙሉ ተነሥቷል። ቦዩ ተቆፍሮ ጠጠር ገብቶበታል። ከመንገድ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ስድስት ክንድ ቆርጬ በደረቅ ጡብ ተክቻለሁ፤ አራት ክንድ ይቀረኛል። በሩም መስኮቱም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከላይ ያለው እየነጣ ነው። የአልጋው ራስጌ ያለበት ግን ገና ጥቁር ነው። በየጠዋቱ መዳፌን አሳርፋለሁ። ትናንት ነገ ይሻላል ስል ነበር፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው። ጭቃ አይቸኩልም፤ ይህን ለሰው ሳስተምር ኖሬያለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፦ «የት ነው የምትተኛው?» ጥያቄው ያንቺ አይደለም። እናትሽ ናት ያስጻፈችሽ፣ አወቅሁት። «ጓሮ በኩል» ልልሽ ነበር። ጸሐፊዋ ሌላ አትጽፍልኝም፣ እኔም ሌላ መናገር ደክሞኛል።

ካዘዝሽኝ ሁሉ አንዱን አልፈጸምኩም። እናትሽ ከሄደች ጀምሮ የምተኛው እርጥቡ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋውን መልሼ እዚያው ዘርግቼዋለሁ። በእኔ በኩል አይደለም፣ በእሷ በኩል ነው፤ ራስጌዬን ከግድግዳው ጋር አድርጌ። ጸሐፊዋ «ይሄ ጅልነት ነው፣ ለሚስትዎም ምንም አይጠቅማት» ትላለች። ይጻፍ። እኔም ይጠቅማታል አላልኩም።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በእሷ በኩል መተኛት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። እኔ የምተኛው በበሩ በኩል ነው፣ ደረቁ ጋ፤ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንዴ ብዬ አስቤ አውቃለሁ እንጂ ሌላ አላውቅም። ሽታ አለው። የተዘጋ ጉድጓድ ሽታ። ቅዝቃዜው ከትከሻ ይጀምርና ወደ ጆሮ ይወጣል። ትራሱ ጠዋት ላይ ሲነካ የታጠበ ልብስ ይመስላል። እሷ ይህን ትራስ በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ ስታወጣ አያት ነበር። «ሴትና ጽዳት» እላት ነበር።

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ስነሣ አሳለኝ። ደረቅ ነው፣ አጭር፣ ሁለት ጊዜ። ሳሉን አወቅሁት። እሷ መስላኝ ዞርኩ።

ይህን የመጨረሻውን ለእናትሽ አታንብቢላት።

አይ፣ አንብቢላት።

አባትሽ